ባዛር ላይ የተዋወቅነውን ሰው በቴሌግራም ደንበኛ ማድረግ፦ የሀዋሳ ሠዓሊዎች እንዴት እየሸጣችሁ ነው?

ቀለም_ዘሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁም። ሀዋሳ የምሠራ ሠዓሊ ነኝ። ቋሚ ሱቅ የለኝም። ፒያሳና ሐይቁ አካባቢ የሱቅ ኪራይ አይቀመስም። ስለዚህ የምሸጠው ለጥቂት ቀን በሚከፈት ቦታ ነው፦ የበዓል ባዛር፣ የካፌ ግድግዳ፣ አንዳንዴም ትልቅ ስብሰባ ያለበት ሆቴል ግቢ። ቀሪው በቴሌግራም ቻናሌ ነው።

ብዙ ልጆች እነዚህን ለየብቻ ነው የሚይዟቸው። ባዛር የወጣው የያዘውን ሸጦ ድንኳኑን ነቅሎ ይሄዳል። ቻናል የከፈተው ቤቱ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይለጥፋል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ሱቅ ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ሥዕል እንደ ሽሮ ዱቄት አይደለም፤ ሰው አይቶ ወዲያው ከኪሱ አያወጣም። ያየዋል፣ ጠጋ ብሎ ቀለሙን ይመረምራል፣ ከሠዓሊው ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣል፣ ከዚያ ይሄዳል። ቤቱ ሄዶ ከባለቤቱ ጋር ይማከራል። ደሞዝ ይጠብቃል። ልቡ ሲቆርጥ እኛ እዚያ ቦታ የለንም። ስለዚህ ከባዛር ይዤ መውጣት የምፈልገው ዋናው ነገር የሰዎቹን አድራሻ ነው። የዚያን ዕለት ሽያጭ ከመጣ እሰየው።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ቻናሌን የሚከፍት ኪውአር ኮድ በትልቁ አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ ጠረጴዛው ፊት አቆማለሁ። ሰው በበዛበት ቦታ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከጎኑ ደብተር አለ። ደብተሩ ሦስት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ስልክ፣ የወደዱት ሥዕል። ሦስተኛዋን ዓምድ ብዙ ሰው አይጽፋትም፤ እኔ ግን ሰውየው ዞር ሲል ቶሎ ብዬ እሞላታለሁ። «ሰማያዊ ጀልባ፣ ሳሎን ይፈልጋል፣ ከሶፋ በላይ» ብዬ እጽፋለሁ። ከሳምንት በኋላ «ሰማያዊ ጀልባዋ እስካሁን አለች፣ ከሶፋዎ በላይ ምን ያህል ቦታ አለ?» ብዬ ስልክለት መልስ ይሰጠኛል። ለሁሉም በጅምላ የሚላክ ማስታወቂያ እንደዚህ አይሠራም።

ቻናሉንም ዓመቱን ሙሉ ክፍት ሱቅ አላደርገውም። በአዘቦት ቀን የምለጥፈው ሥራ ላይ ያለ ሸራ ነው፣ ንድፍ ነው፣ ሐይቁ ጠዋት ምን እንደሚመስል ነው። ሽያጭ ሲኖር ቀኑን አስቀድሜ እናገራለሁ፣ ዓርብ ማታ እከፍታለሁ፣ እሑድ ማታ እዘጋለሁ። የተሸጠው «ተሽጧል» ተብሎ እዚያው ይቆያል፣ አይጠፋም። ሁልጊዜ ያለ ነገር ሲሆን ሰው «በኋላ እገዛለሁ» ይላል። በኋላ የሚባለው ቀን ደግሞ አይመጣም።

ቀን መምረጥም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ከሌላ ከተማ ብዙ እንግዳ ይመጣል። የሐምሌው ግን ክረምት ነው፣ ዝናብ የሚከላከል በቂ ሸራ ከሌለ ድንኳን አይሞከርም። ፍቼ ጫምባላላ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሲሆን በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ ይሞላል፤ ቀኑን አያንቶ የሚባሉ አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብት አይተው ስለሚቆርጡት በየዓመቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ እስኪታወጅ አልጠብቅም፣ ሥራዬን ቀደም ብዬ እጨርሳለሁ። የዩኒቨርሲቲ ምረቃ ሰሞን ደግሞ ስጦታ ፈላጊው ብዙ ነው፤ ትንሽ ሥዕል፣ ቶሎ የሚጠቀለል።

እናንተስ? ዋጋ እንዴት ትቆርጣላችሁ? ከካፌ ጋር እንዴት ትስማማላችሁ? ገዢ የሆናችሁም ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

---

የታቦሯ

እኔ ገዢ ነኝ፣ ገዢ ጻፉ ስላልክ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ደረጃ እባካችሁ ዋጋ ጻፉ! ባዛር ላይ ወድጄው ያለፍኩት ሥዕል ብዙ ነው፣ ምክንያቱ ዋጋ ስላልተጻፈበት ብቻ። መጠየቅ ያሳፍራል። ጠይቄ ከአቅሜ በላይ ከሆነ «እሺ አመሰግናለሁ» ብዬ ስሄድ ልጁ ቅር ሲለው አያለሁ፣ እኔም ይከብደኛል። ስለዚህ ከሩቅ አይቼ እሄዳለሁ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ዋጋ በኢንቦክስ» ይሉኛል። ኢንቦክስ ገብቼ ሰላምታ ተለዋውጬ፣ ጠብቄ፣ ከዚያ ዋጋ ልስማ? አልገባም። ጓደኞቼም እንደዚሁ ናቸው።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ንገሩን። ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል እኩል ነው የሚመስለው። «50 በ70 ሳንቲ ሜትር» ብላችሁ ብትጽፉም ለብዙ ሰው ምንም አይታየውም። ከወንበር አጠገብ አቁማችሁ አንድ ፎቶ ጨምሩ፣ በቃ።

ሦስተኛ፣ ፍሬም። ያለ ፍሬም የሚሸጥ ከሆነ ፍሬሙ የት እንደሚሠራና ስንት እንደሚያስወጣ ንገሩኝ። ገዝቼ ቤት ወስጄ ለወራት ከቁምሳጥን ጀርባ የቆመ ሥዕል አለኝ። ፍሬም ቤት ማን ጋ እንደምሄድ ሳላውቅ ቀረሁ።

---

ቀለም_ዘሀዋሳ

የታቦሯ፣ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ስለ ዋጋው ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እኔ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ትንሽ ካርድ አደርጋለሁ፦ ርዕስ፣ ማቴሪያል፣ መጠን፣ ዓመት፣ ዋጋ። የፍሬሙን ዋጋ ግን ለብቻው ጽፌው አላውቅም። ከዚህ በኋላ ሁለቱንም ዋጋ እጽፋለሁ፣ በፍሬምና ያለ ፍሬም።

---

አቶቴ_ካፌ

እኔ አቶቴ አካባቢ ካፌ አለኝ። ግድግዳዬ ላይ ሥዕል ለማንጠልጠል የሚጠይቁኝ ልጆች አሉ፣ ብዙ ጊዜ እፈቅዳለሁ። ከባለ ካፌ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

እኔ የምፈልገው ሰው ገብቶ ማኪያቶ እንዲያዝ ነው። ሥዕል ካለ ሰው ቆይቶ ይቀመጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ያጋራል፤ ለኔ ጥሩ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮሚሽን አልጠይቅም። ጋለሪዎች ከሽያጩ ከ30 እስከ 50 በመቶ መውሰዳቸው የተለመደ ነው፤ ካፌ ግን ያንን ያህል ሥራ አይሠራም፣ ያንን ያህል መጠየቅም የለበትም። የግድግዳ ኪራይ ቀድሞ ከሚከፈል ከሽያጭ መቶኛ ቢወሰድ ለሁለታችንም ይሻላል ባይ ነኝ። ካልተሸጠ ማንም ባለዕዳ አይሆንም።

የሚያስቸግሩኝ ነገሮች ሌሎች ናቸው። ግድግዳ ይበሳሉ። እባካችሁ ከላይ አንድ ዘንግ እናድርግና በሽቦ አንጠልጥሉ። ከዚያ አስተናጋጆቼ ስለ ሥዕሉ ይጠየቃሉ፣ ምንም አያውቁም። የዋጋ ካርዱ ላይ ስልክና ኪውአር ቢኖር ገዢው በቀጥታ ከሠዓሊው ጋር ይነጋገራል፣ የኔ ሰዎችም ሥራቸውን ይሠራሉ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ለሁለት ሳምንት» ተብሎ የተሰቀለ ለወራት ይቆያል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሥዕል ያለበት ግድግዳ ደንበኛ ማየት ያቆማል። የሚነሳበት ቀን ይጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሥዕል ቻናላችሁ ላይ በቅናሽ አትሽጡት። ደንበኛዬ እዚህ አይቶ፣ ስልኩን አውጥቶ፣ ዝቅ ባለ ዋጋ እዚያ ቢያገኘው እኔ ምን ሆንኩ? ዋጋው የትም ቦታ አንድ ይሁን።

---

ነባር_ብሩሽ

ልጆች፣ ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝና አድምጡኝ።

ዕድሜዬን በዚህ ሙያ ነው የገፋሁት። ሥዕልን ከሽቶና ከብርድ ልብስ ጎን አስቀምጦ፣ ስፒከር እየጮኸ፣ «የመጨረሻ ስንት ነው?» እየተባለ መሸጥ ሙያውን ያረክሰዋል። ባዛር የመጣ ሰው ቅናሽ ፍለጋ ነው የመጣው። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ባዛር ማለት ያ ነውና። እዚያ ስትሰለፍ አንተም የቅናሽ ዕቃ ትሆናለህ። አንዴ በግማሽ ዋጋ የገዛህ ሰው በሙሉ ዋጋ ተመልሶ አይገዛህም። ይባስ ብሎ፣ ቀድሞ በሙሉ ዋጋ የገዛህ ሰው ይህን ሲሰማ እንደተበላ ነው የሚቆጥረው።

ይህን ስል አትሽጡ ማለቴ አይደለም። በልቶ ማደር አለ፣ ቀለም መግዛት አለ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ቀለምና ሸራ የት እንደደረሰ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግን ወር የደከማችሁበትን ሸራ እዚያ ጫጫታ ውስጥ አታውጡት።

---

ቀለም_ዘሀዋሳ

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። ያሉት ልቤ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ባዛር ላይ ዋጋ ሲቆረጥ እኔንም ያመኛል።

ግን ባዛርን ከመተው ይልቅ የሚወጣውን ነገር መለየት ይቻላል ብዬ አስባለሁ። እኔ ባዛር ላይ በብዛት የማወጣው ፕሪንት፣ ማለትም የሥዕሉ የታተመ ቅጂ፣ እና ፖስትካርድ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኛም ሆነች ተማሪ በምሳዋ ዋጋ አንድ ካርድ ይዛ ትሄዳለች። ኦሪጅናል አንድ ብቻ አቆማለሁ፣ ከጀርባ፣ ከፍ አድርጌ። ዋጋው በሙሉ ተጽፏል፣ አይነካም። ኦሪጅናሏ ሰውን ከሩቅ ትጠራለች፣ ካርዶቹ ይሸጣሉ። ኦሪጅናል የሚፈልገውን ሰው ደግሞ ስቱዲዮ እጋብዘዋለሁ፣ ወይም ካፌው ግድግዳ ላይ በጸጥታ ያየዋል።

ቅናሽ ሲጠይቁኝ ዋጋውን አልቀንስም፣ የሆነ ነገር እጨምራለሁ። ሁለት ፕሪንት ለሚገዛ አንድ ፖስትካርድ። ኦሪጅናል ለሚገዛ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቤቱ አድርሼ ራሴ እሰቅልለታለሁ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፣ ባጃጅ ላይ ሸራ ይዞ መሄድ አይከብድም። ሰውየው ያተረፈ ይመስለዋል፣ እውነትም አትርፏል፣ የሥዕሉ ዋጋ ግን ያው ነው።

የፕሪንቱን ቁጥር በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። 25 ብዬ ካተምኩ እያንዳንዱ ላይ በእርሳስ 1/25፣ 2/25 እያልኩ እፈርማለሁ። 25ቱ ካለቀ ያ ሥዕል በዚያ መጠን ዳግም አይታተምም፣ የፈለገው ገንዘብ ቢመጣ። ይህን ያፈረሰ ሰው የሁላችንንም ስም ነው የሚያጠፋው።

---

ነባር_ብሩሽ

እንዲህ ከሆነ ደግ ነው። አንድ ኦሪጅናል፣ ዋጋው የማይነካ። በዚህ እስማማለሁ።

---

ኪስ_ውስጥ_ሱቅ

ስለ ክፍያ ማንም አላነሳም፣ ላንሳው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ፣ ኤምፔሳም በ2015 ሲጨመር፣ ባዛር ላይ ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ቀንሷል። የባንኮቹ አፕም አለ። ጥሩ ነገር ነው። ግን የሐሰት ስክሪንሾት ብዙ ነው። «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳይሃል፣ ሰው ተሰልፏል፣ አንተም ተጣድፈህ ሥዕሉን ትሰጣለህ።

የሰውን ስልክ አትመልከቱ። የራሳችሁን ተመልከቱ። ቴሌብር ከሆነ ከ127 የሚመጣው መልእክት እናንተ ስልክ ላይ መግባት አለበት፤ እሱንም ቢሆን አፑን ከፍታችሁ ሒሳቡን እዩ። ኔትወርክ ከዘገየ ሰውየውን በደግ ቃል አስቀምጡት፣ ወንበር ስጡት፣ ስለ ሥዕሉ አጫውቱት። እውነተኛ ገዢ አይቀየምም። ቻናል ላይ ለሚያዝ ሰው ደግሞ ቀብድ ተቀበሉ፣ ቀብዱ እስከ መቼ እንደሚጠበቅም ጻፉ። «ያዝልኝ» ብሎ የጠፋ ሰው ስንት ገዢ አስመልጧል!

---

ከአዲሳባ

እኔ አዲስ አበባ ነው ያለሁት፣ ከሀዋሳ ሠዓሊዎች እየገዛሁ ለዘመድ ወዳጅ ወደ ውጭ አገር እልካለሁ። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሥዕሉ ግን አንዳንዴ ተጎድቶ ይደርሳል፤ አጠቃቀለሉ ነው ችግሩ። ብዙ ሰው ቀለሙ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርጎ ይጠቀልላል፣ የተጠበቀ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው ትክክሉ፤ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ሲጠቀለል ቀለሙ ይጨመቅና ይሸበሸባል፣ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል። ጠበብ አድርጋችሁም አትጠቅልሉ። ከላዩ ለስላሳ የማይጣበቅ ወረቀት፣ ከዚያ ወፈር ያለ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ። ቱቦው ከቧንቧ ዕቃ ሱቅ ይገኛል፣ በሚፈልጉት ርዝመት ይቆርጡላችኋል። የዘይት ቀለም ከሆነ ሳይደርቅ አትላኩ፤ ከላይ ደርቆ ከሥር ርጥብ ሊሆን ይችላል።

በአውቶቡስ የምትልኩ ከሆነ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለተቀባዩ ላኩለት። በፖስታ ቤት ፈጣን መልእክት (ኢኤምኤስ)ም ይቻላል፣ በተለይ ወደ ውጭ ለሚሄድ።

ወደ ውጭ ስለ መሸጥ ደግሞ፣ እንደ ኢትሲ ያሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ከዚህ አገር ሆኖ ክፍያ መቀበል አይቻልም፣ የካርድ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕም እዚህ አይሠራም። ስለዚህ የሚሠራው መንገድ ሰው ነው። ውጭ ያለው ገዢ በሕጋዊ መንገድ ወደ ባንክ ሒሳባችሁ ይልካል፣ ወይም እዚህ ያለ ቤተሰቡ ከፍሎ ይረከባል። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይቀላል። ከሥዕሉ ጋር ደረሰኝ ስጡ፤ ስማችሁ፣ ርዕሱ፣ የተሠራበት ዓመት ይጻፍበት። በተለይ የብራና ወይም ጥንታዊ የሚመስል ሥራ ከሆነ ኤርፖርት ላይ ቅርስ ነው አይደለም የሚል ጥያቄ ይነሳል። አዲስ ሥራ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ለተጓዡ እፎይታ ነው።

---

ሌንስ_ሐይቅ_ዳር

ፎቶ አንሺ ነኝ። ቻናል ላይ የማየው የሥዕል ፎቶ ያሳዝነኛል፣ ጥሩ ሥራ በመጥፎ ፎቶ ይሞታል። ፍላሽ አጥፉ። ጠዋት ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ስልኩን ከሥዕሉ መሐል ትይዩ አድርጉ። መብራት ሥር ያነሳችሁት ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል፣ ገዢው ሲረከብ ይጣላችኋል። ከዚያ ሁለተኛ ፎቶ በጣም ቅርብ፣ የብሩሹ ዱካ እስኪታይ። ያቺ ፎቶ ናት የምትሸጠው።

ሐይቅ ዳር ድንኳን ለምትተክሉ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። የሥዕል ማቆሚያውን እግር በአሸዋ ከረጢት እሰሩት። ፕሪንት በፕላስቲክ ከረጢት ይሁን፣ ርጥበቱ ወረቀት ያጣምማል። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሣ ገበያ፣ አካባቢ ጎብኚ በብዛት ጠዋት ነው የሚመጣው፣ አሣ አጥማጆቹ ሲመለሱ፤ ረፋድ ላይ ደርሳችሁ ብትተክሉ ሰው ተበትኗል። ቦታውን ደግሞ ከክፍለ ከተማው ሳታስፈቅዱ አትተክሉ።

---

ሕግ_ተማሪ_የነበረ

አንድ ሰው በውስጥ የጠየቀኝን እዚህ ልመልሰው፣ ለሁሉም ይጠቅማል። አንድ ሆቴል የአንዲት ሠዓሊ ሥዕል ገዝቶ ሳሎኑ ላይ ሰቀለው። በኋላ ያንኑ ሥዕል ሜኑው ላይና ማስታወቂያው ላይ አትሞ አገኘችው። «ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው» አላት።

ሸራው የሱ ነው። የማባዛት መብቱ ግን የሠዓሊዋ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊውን መብት ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ይህንን መብት ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ደረሰኛችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሽያጩ ሥዕሉን ብቻ ይመለከታል፤ የማባዛት መብት የሠዓሊው ነው።» ሆቴሉ ማተም ከፈለገ ለብቻው ይክፈል፣ ለስንት ጊዜና ለምን እንደሆነ ይጻፍ። ይህ ጠብ አይደለም፣ ሁለተኛ ገቢ ነው።

---

ሸክላ_ሠሪዋ

እኔ የሸክላ ሥራ ነው የምሠራው፣ ጀበናና ዘመናዊ የአበባ ማስቀመጫ። ቻናሌ ላይ ከአዲስ አበባ የሚያዙኝ አሉ። ግን በመንገድ ይሰበራል፣ ስለዚህ አሁን ሀዋሳ ውስጥ ብቻ ነው የማደርሰው። ሠዓሊዎቹ ዕድለኞች ናችሁ፣ ትጠቀልሉታላችሁ። ለሚሰበር ነገር መፍትሔ ያለው አለ? የሚቀጥለው ባዛር ላይም ብቻዬን ቦታ መከራየት ከአቅሜ በላይ ነው።

---

ቀለም_ዘሀዋሳ

እህቴ፣ ለባዛሩ አብረን እንያዘው። እኔ የምፈልገው ጀርባውንና አንድ ጎን ነው፣ ጠረጴዛው ላንቺ ይበቃል። አዘጋጆቹ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር ሊጠይቁ ስለሚችሉ በማን ስም እንደምንመዘገብ ቀድመን እንነጋገር። ኪራዩን በያዝነው ቦታ ልክ እንካፈላለን፤ የየራሳችንን ሽያጭ የየራሳችን ስልክ ይቀበላል። ደብተሩ ግን አንድ ይሁን፣ አንቺን ፍለጋ የመጣ ሰው እኔንም ያውቃል።

---

ከአዲሳባ

ሸክላ ሠሪዋ፣ ሁለት ካርቶን ተጠቀሚ። ትንሹን ትልቁ ውስጥ ከትተሽ በመሐሉ ከሁሉም አቅጣጫ ወደ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የተጨማደደ ጋዜጣ ወይም ጭድ ጠቅጥቂበት። ጀበናውን ለብቻው ጠቅልይ፣ ክዳኑን ለብቻው፤ አንገቱና ጆሮው ናቸው ቀድመው የሚሰበሩት፣ እዚያ ላይ ጨርቅ አብዢ። ባዶ ሆዱን በወረቀት ሙይው። ከዘጋሽው በኋላ ነቅንቂው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሰማሽ ክፈቺና ጨምሪበት። በአውቶቡስ ከሆነ ጣሪያ ላይ እንዳይጫን ንገሪያቸው፣ ወንበር ሥር ይሁን። መጀመሪያ አንድ ርካሽ ሲኒ ለኔ ላኪና እንሞክረው፤ እንዴት እንደደረሰ ፎቶ አንስቼ እዚሁ እለጥፋለሁ።